ጥፍሯ ከአጥንቷ ነው

በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ምንጣፉ ላይ ከፊቴ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? የሳምንቱ ድካም ሳይወጣላችሁ፣ በዚህ ብርድ፣ ስለ ድመት ጥፍር ለመስማት ብላችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቡናውን ላፈላችሁልን እናቶች ምስጋናዬ ድርብ ነው።

ራሴን ባጭሩ ላስተዋውቅ። የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ወሎ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በሬ፣ ላም፣ በግና አህያ አክሜአለሁ፤ ለአባ ሰንጋ ክትባት ጀምበር ከመውጣቷ በፊት ተነሥቼ ስንት ዳገት ወጥቻለሁ። በእነዚያ አራት ዓመታት ግን አንድም ሰው ድመት ይዞልኝ አልመጣም። ድመት አይጥ ትይዛለች፣ ከታመመችም ራሷን ታድናለች፤ እንዲያ ነበር የምናስበው። ድመትን እጄ ላይ አስቀምጬ ማየት የጀመርሁት እዚህ አገር መጥቼ በትናንሽ እንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት ስቀጠር ነው። እነሆ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ዛሬ ለምን ቆምሁ? ባለፉት ጥቂት ወራት ከእኛው ማኅበረሰብ ሦስት ቤተሰቦች ደውለውልኝ ነበር። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው። «የድመታችንን ጥፍር የሚነቅልልን ሐኪም የት እናገኛለን?» አንዷ እናት አዲስ የገዛችው ሶፋ ተበጣጥሶባታል። አንዱ አባት የሦስት ዓመት ልጁ ጉንጩን ተቧጭሯል። ሦስተኞቹ የተከራዩትን ቤት ሲለቁ ያስያዙትን ገንዘብ እንዳያጡ ሰግተዋል። እነዚህ ሰዎች ጨካኞች ናቸው? አይደሉም። ድመቷን ከመንገድ አንሥተው፣ አሳክመው፣ አልጋቸው ላይ የሚያስተኙ ሰዎች ናቸው። የጠየቁት ነገር ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። እኔም ለሦስቱ በየተራ ከምናገር ለሁላችሁም ልናገር ብዬ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ድመት ለምን እንደምትቧጭር። ሁለተኛ፣ ጥፍሯን አስነቀልሁ የሚል ሰው በእርግጥ ምን እንዳስቆረጠባት። ሦስተኛውና ረጅሙ፣ ጥፍሯን በገዛ ቤታችሁ፣ በገዛ እጃችሁ እንዴት እንደምትቆርጡ።

ከአንደኛው ልጀምር።

አያቴ ወሎ ውስጥ ክብ ጎጆ ነበራት። መሐሉ ላይ ጣሪያውን የተሸከመ የወይራ ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው ከላይ በጢስ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ከታች ግን፣ ከልጅ ወገብ እስከ ጉልበት ድረስ፣ ተልጎ ተልጎ እንደ ሻሽ ጫፍ ፀጉር አውጥቷል። ይህን ያደረገችው የአያቴ ውሮ ናት። ከምድጃው ዳር ከእንቅልፏ ስትነቃ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ትሄድና በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ የፊት እግሮቿን የቻለችውን ያህል ወደ ላይ ሰቅላ፣ ጀርባዋን እንደ ቀስት ወጥራ ትጎትታለች። እኔ ቤት አፈረሰች ብዬ ላባርራት ስነሣ አያቴ «ተያት ልጄ፣ ጥፍሯን እየሳለች ነው» ትለኝ ነበር።

አያቴ ትክክል ነበረች። ከጊዜ በኋላ በትምህርት ያገኘሁት ለአያቴ ቃል ማብራሪያ ሆነኝ እንጂ አላፈረሰውም። የድመት ጥፍር እንደ ሽንኩርት በንብርብር ነው የሚያድገው። ያረጀው የላይኛው ቅርፊት ሲላቀቅ ከሥሩ አዲስና ስል ጥፍር ይወጣል። ስትቧጭር ያን ቅርፊት ታወልቃለች። ምንጣፋችሁ ላይ ነጭ፣ ጠምዛዛ፣ ባዶ የጥፍር ቀፎ አግኝታችሁ ተነቀለባት ብላችሁ የደነገጣችሁ አላችሁ? አይዟችሁ፣ ያ ቅርፊቱ ነው። በዚያው ላይ ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ጡንቻዋን ታፍታታለች። ደግሞም በእግሯ ሥር ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች አሉ፤ የቧጨረችው ነገር ላይ ለዓይን የሚታይ ጭረት፣ ለአፍንጫ የሚታወቅ ሽታ ትተዋለች። ይህ የእኔ ቤት ነው ማለቷ ነው።

አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ብለዋል። ተረቱን የምንተርተው በሰው ላይ ነው፤ ዛሬ ግን ለራሷ ለድመቷ እንዋሰው። መቧጨር ዐመሏ ነው። ቂም አይደለም፣ በቀል አይደለም፣ ሶፋችሁን ጠልታም አይደለም። ዐመሏ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው «እንዴት ላስተዋት?» አይሆንም። «የት ትቧጭር?» ነው የሚሆነው።

እስቲ የአያቴን ምሰሶ አስቡት። ረጅም ነው፤ ድመቷ ሙሉ በሙሉ ትወጠርበታለች። ጽኑ ነው፤ አይነቃነቅም። ቆንጣጭ ነው፤ ጥፍር ይይዛል። ከሁሉ በላይ የቆመው ቤቱ መሐል፣ ሰው ሁሉ በሚቀመጥበት፣ እርሷም በምትተኛበት ስፍራ ነው። እዚህ አገር ግን እኛ ምን እናደርጋለን? አጭር፣ ቀላል፣ ሲነኩት የሚወድቅ መቧጨሪያ እንገዛና ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን እናቆመዋለን። ከዚያ ሶፋውን ቧጨረች እንላለን። ሶፋውማ ረጅም ነው፣ አይወድቅም፣ ጨርቁ ይይዛል፣ ሳሎን መሐል ነው። ምሰሶ ያላገኘች ድመት ሶፋውን ምሰሶ ብታደርገው ምን ይፈረድባታል?

ስለዚህ ምሰሶዋን መልሱላት። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሥሩ ሰፊና ከባድ፣ በቃጫ ገመድ የተጠመጠመ። ቃጫ አገራችን ጆንያና ገመድ የምንሠራበት ያው ቃጫ ነው፤ እዚህ ሲሳል ይሉታል። እንጨት ላይ በገዛ እጃችሁ ልትጠመጥሙት ትችላላችሁ። ሶፋው አጠገብ አቁሙት፤ የምትቧጭረው የሶፋው ጥግ ላይ ደግሞ በሁለት በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፉበት። ድመት እግሯ ሥር የሚጣበቅ ነገር አትወድም። መሬት ላይ መቧጨር የምትወድ ከሆነች ሸካራ ካርቶን ይበቃታል። ውሃ አትርጩባት፣ አትጩኹባት። ከዚያ የምትማረው እናንተን መፍራት ብቻ ነው፤ ሶፋውንም እናንተ በሌላችሁበት ትቧጭረዋለች።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይህን መስማት ይከብዳል፤ ግን ሳልነግራችሁ ብሄድ ሥራዬን አልሠራሁም።

እስቲ ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን አንሡ። ልጆችም አንሡ። የሌባ ጣታችሁን እጠፉት። ከጥፍራችሁ ዝቅ ብሎ የመጀመሪያው መታጠፊያ አለ፤ አያችሁት? በግራ እጃችሁ ያዙት። የሰው ጥፍር ሥጋው ላይ የተኛ ነው፤ ቢነቀል ይበቅላል። የድመት ጥፍር ግን የሚበቅለው ከመጨረሻዋ የጣት አጥንት ላይ ነው። ጥፍሩ እንዳይመለስ ከተፈለገ አጥንቷ መውጣት አለባት። ስለዚህ ሐኪሙ የሚቆርጠው አሁን በያዛችሁት መታጠፊያ በኩል ነው። አንድ ጣት አይደለም። ከፊት እግሮቿ አሥሩንም ጣት። አሥር ጊዜ።

እጃችሁን አውርዱ።

በእኛ ቋንቋ ጥፍር መንቀል ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? በዕድሜ የገፋችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። እስረኛን ለማሠቃየት የሚደረግ ነገር ነው፤ ቃሉን ስንሰማ ገላችን ይሸማቀቃል። እዚህ አገር ግን የቀዶ ሕክምናው ስም ቀላል ነው፤ ከዋጋ ዝርዝር ላይ ሲነበብ ጥፍር መከርከም ይመስላል። ስሙ ጣት ቆረጣ ቢባል ኖሮ ከእነዚያ ሦስት ቤተሰቦች አንዱም አይደውልልኝም ነበር። በሌዘር ጨረር ሲሠራ አያምም የሚላችሁ ካለም መሣሪያው ተለወጠ እንጂ የሚወጣው አጥንት ያው ነው። ሌላም ዘዴ አለ፤ ጥፍሩን ትቶ ጥፍሩን የሚያወጣውን ጅማት መቁረጥ። ያኔ ጥፍሩ ያድጋል፣ እርሷ ግን ልትጠቀምበትም ልታሞርደውም አትችልም፤ እናንተ ደግሞ ዕድሜ ልኳን መቁረጣችሁ አይቀርም። ታዲያ መቁረጥ ካልቀረ ጅማቷ ለምን ይበጠሳል?

ድመት በጣቶቿ ነው የምትራመደው። ተረከዟን አታሳርፍም። የጣቶቿን ጫፍ ስትወስዱባት ክብደቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ አረማመዷ ይለወጣል፣ ጊዜ ሲሄድ ጀርባዋን ያማታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት 274 ድመቶችን፣ ግማሾቹ የተነቀለባቸው ግማሾቹ ያልተነቀለባቸው፣ አነጻጽሮ ነበር። የተነቀለባቸው ከሚጸዳዱበት አሸዋ ውጪ መሽናት፣ መንከስና የጀርባ ሕመም እጅግ በዝቶባቸው ተገኘ። በራጅ ሲታዩ ደግሞ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ በትክክል ሳይወጣ የቀረ የአጥንት ስባሪ ጣታቸው ውስጥ ነበር።

እኔ ይህን ከጥናቱ በፊት በቤቴ አይቼዋለሁ። እመቤት የምንላት ድመት ነበረችን። የዘጠኝ ዓመት ድመት ሆና ነው የመጣችልን፤ ባለቤቷ አሮጊት ወደ መጦሪያ ቤት ሲገቡ ሌላ የሚወስዳት አልተገኘም። የፊት ጥፍሮቿ ገና በግልገልነቷ ተነቅለዋል። መጀመሪያ ያስተዋልሁት አቋቋሟን ነው። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ስትቆም አንዱን እግሯን አንሥታ ትይዛለች፤ ያን ስታወርድ ሌላውን ታነሣለች፤ እሾህ የረገጠች ትመስላለች። አሸዋው ላይ አትጸዳዳም፤ ያንን ጠጠር መርገጥ ያማታል። የምትመርጠው ለስላሳውን የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ነው። ባለቤቴ በየቀኑ ያጥባል። ስትዳሰስ ትነክሳለች። ለምን አትነክስ? ሌላ ምን መከላከያ ቀርቷታል?

በራጅ ስናያት በሁለት ጣቶቿ ውስጥ ስባሪ አጥንት ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ወጣላት፤ የሕመም ማስታገሻ ጀመርንላት፤ አሸዋውን በለስላሳ የወረቀት ፍርፋሪ ለወጥንላት። ተሻላት። ሙሉ በሙሉ ግን አልሆነም።

ከሁሉም የማልረሳው ጠዋት ጠዋት የምታደርገውን ነው። ለሌላዋ ድመታችን ያቆምነው የቃጫ ምሰሶ ሳሎን ውስጥ ነበር። እመቤት ከእንቅልፏ ስትነሣ ወደ ምሰሶው ትሄዳለች። በኋላ እግሮቿ ትቆማለች። ሁለቱን የፊት እግሮቿን ትሰቅልና በለስላሳው መዳፏ ቃጫውን ታሻሻለች። ድምፅ የለውም። ጥፍር የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥፍር ሳይኖራት ዐመሏን አልረሳችም። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ «እማዬ፣ ምን እየፈለገች ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለ ሕጉ ባጭሩ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ብሪታንያ በ2006 ባወጣችው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከልክላዋለች። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባት እስራኤል በ2011 ከለከለች። እዚህ አገር ከግዛቶች ሁሉ የቀደመችው ኒውዮርክ ናት፤ በ2019። ሁለተኛዋ ይህች የቆምንባት ሜሪላንድ ናት፤ ሕጉ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ይሠራል። ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያም በ2024 ተከተለች። ዕጢ ወይም የማይድን ቁስል ኖሮ ለራሷ ለድመቷ ጤና ሲባል ይፈቀዳል፤ ለሶፋ ሲባል አይፈቀድም። ስለዚህ ለእነዚያ ሦስት ቤተሰቦች የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ «እዚህ የሚሠራላችሁ ሐኪም የለም» የሚል ነበር። ሕግ ስለከለከለኝ ተውሁት ብላችሁ ብቻ እንድትሄዱ ግን አልፈልግም፤ ሕጉ ያልደረሰበት ግዛት የሚኖሩ ዘመዶች አሏችሁ። ንገሯቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው። እስካሁን አትቁረጡ ብዬ ነበር፤ አሁን ቁረጡ እላለሁ። ጫፉን።

በቅድሚያ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ክሊኒክ በተቀጠርሁ በመጀመሪያው ወር አንዲት ግራጫ ድመት ጥፍሯን እንድቆርጥ ተሰጠችኝ። በሽተኛ በዝቷል፣ እቸኩላለሁ። የበሬ ሰኮና የሞረድሁ ሰው ይህ ምን ያቅተኛል ብዬ አሰብሁ። አንገቷን ጨምድጄ ያዝሁና ሦስተኛው ጥፍር ላይ ከሚገባው በላይ ቆረጥሁ። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደሙ ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ግን የደሙ ልክ አልነበረም። ያቺ ድመት ከዚያ በኋላ ለወራት መቀሱን ገና ስታይ ጠረጴዛው ሥር ትገባ ነበር። በግማሽ ደቂቃ ችኮላ ያፈረስሁትን እምነት ለመመለስ ክረምትና በጋ ፈጀብኝ። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህ ይሁን፦ አትቸኩሉ። አትቸኩሉ። አትቸኩሉ።

ጥፍሩ የት እንዳለ ልንገራችሁ። ድመት በጠቅላላው አሥራ ስምንት ጥፍር አላት፤ በእያንዳንዱ የፊት እግር አምስት፣ በእያንዳንዱ የኋላ እግር አራት። አንዳንዷ በተፈጥሮዋ ትርፍ ጣት ይኖራታል። ስታርፍ ጥፍሮቿ ወደ ውስጥ ተሰብስበዋል። አንዱን ጣት በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መሐል ይዛችሁ ከላይና ከታች በቀስታ ስትጫኑት ጥፍሩ ራሱ ብቅ ይላል። በብርሃን እዩት። ከሥሩ ሮዝ ቀለም ያለው ክፍል አለ፤ እርሱ ሕያው ነው፣ ደም ሥርና ነርቭ አለበት፤ እኔ ያን ቀን የቆረጥሁት እርሱን ነው። ከእርሱ ወዲያ ያለው፣ እንደ መስተዋት የሚያሳልፈው፣ የተቆለመመው ጫፍ ብቻ ነው የእናንተ ድርሻ። ከሮዙ ቢያንስ ሁለት ሚሊ ሜትር ራቁ። ጥፍሩ ጥቁር ሆኖ ሮዙ ካልታያችሁ የተቆለመመችውን ሹል ጫፍ ብቻ አንሡና ተዉት። አነስተኛ መቁረጥ ምንም አይጎዳም። አብዝቶ መቁረጥ ይጎዳል።

አንድ ጥፍር አለ የሚረሳ። ከፊት እግሯ ውስጠኛ ጎን፣ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ያለው፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር። መሬት ስለማይነካ አይሞረድም። ክብ እየሠራ አድጎ ተመልሶ መዳፏ ውስጥ ሲወጋ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ በተለይ ባረጁት፣ መቧጨር በተዉት ላይ። አሮጊት ድመት ያላችሁ ዛሬ ማታ ገብታችሁ እዩልኝ። እለምናችኋለሁ፣ ዛሬ ማታ።

መሣሪያው ምንም ይሁን ስል ይሁን። ለድመት ተብሎ የተሠራ ትንሽ መቀስ መሰል መቁረጫ እዚህ በርካሽ ይገኛል። የደነዘዘ መቁረጫ ጥፍሩን አይቆርጠውም፣ ይጨፈልቀዋል፤ ይሰነጥቀዋል፤ ያማታል። ከአጠገባችሁ ደም ማቆሚያ ዱቄት አስቀምጡ፤ ከሌለ የበቆሎ ስታርች ወይም ተራ ዱቄት ይሠራል። ከተሳሳታችሁ ጥፍሩን ዱቄቱ ውስጥ ነክራችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። በጥቂት ደቂቃ ያቆማል፤ ካላቆመ ወደ ሐኪም ውሰዷት። የዚያን ቀን ሌላ ጥፍር አትንኩ።

ከመቁረጡ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ ሰዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። እንደ አዲስ ጎረቤት አስቡት። አዲስ ጎረቤት ቤት በመጀመሪያው ቀን ገብታችሁ ድስት አትከፍቱም። በመጀመሪያው ሳምንት በልታ ጠግባ ስታንጎላጅ እግሯን ብቻ ንኩት። ሦስት ሰከንድ። ብትስብ ልቀቁ፣ አትጎትቱ። ወዲያው የምትወደውን ትንሽ ነገር፣ የተቀቀለ ዶሮ ወይም የዓሣ ቁራሽ ስጧት። ሲለመድ ጣቷን ጫን አድርጉ፤ ጥፍሩ ይውጣ፤ ልቀቁ፤ አጉርሷት። ከዚያ ለመቁረጫው ድምፅ አለማምዷት። ጥሬ ፓስታ አጠገቧ አስቀምጡና በመቁረጫው ቀጭ አድርጋችሁ ስበሩት፤ ድምፁ ከጥፍር ጋር አንድ ነው። ቀጭ ባለ ቁጥር ዶሮ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመጀመሪያው እውነተኛ ጥፍር። አንድ። አንድ ብቻ ቆርጣችሁ ተነሡ።

አሥራ ስምንቱም በአንድ ቀን ይለቅ ያለ ማን ነው? ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሦስት ቢሆን ድመቷ ቀጠሮ የለባትም። በሁለትና በሦስት ሳምንት አንድ ዙር ካዳረሳችሁ ይበቃል። የኋላዎቹ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ እነርሱንም ራሷ በጥርሷ ትቀርፋቸዋለች፤ በየጊዜው አይታችሁ እንዳስፈላጊነቱ ብቻ ንኩ። ልጆች ይርዱ፣ ግን መቁረጫውን አዋቂ ይያዝ፣ ልጁ ዶሮውን ይያዝ። እንዲህ ሲሆን ልጁም ከድመቷ ጋር ይታረቃል።

(በዚህ መሐል አንድ አባት እጃቸውን አነሡ፦ «እሺ፣ ይህን ሁሉ አድርገን ልጁን ብትቧጭረውስ? ከድመት ጭረት በሽታ ይይዛል ይባላል» አሉ።)

አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። አዎን፣ ከድመት ጭረት የሚመጣ ትኩሳትና የንፍፊት እብጠት አለ። ተሕዋስያኑን ከድመት ወደ ድመት የሚያዛምተው ግን ቁንጫ ነው፤ ጥፍሯም ላይ የሚገኘው ከቁንጫው እዳሪ ነው። ስለዚህ ቁንጫዋን በመድኃኒት ማጥፋትና የጥፍሯን ጫፍ ማንሣት አብረው ይሄዳሉ። ልጁ ከተቧጨረ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ዘመዶቻችሁ አዲስ አበባ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር፤ አሁን በኮንዶሚኒየሞቹ ብዙ ሰው ድመት ያሳድጋል። አገር ቤት የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ያልተከተበች ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ድመቷንም ያስከትቡ። ጥፍር መንቀል ከዚህ አንዱንም አይተካም። የተነቀለባት ድመት ደግሞ ትነክሳለች ብያለሁ፤ የድመት ንክሻ ከጭረቷ ይብሳል፤ ጥርሷ ቀጭን ስለሆነ ጥልቅ ገብቶ ያመረቅዛል።

በፍጹም መቁረጥ የማይችል፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰውም ይኖራል። አትፈሩ፤ ክሊኒኮች በጥቂት ገንዘብ ይቆርጡላችኋል። በጥፍሩ ላይ በሙጫ የሚለጠፍ ለስላሳ የፕላስቲክ ቆብም አለ፤ በአራትና በስድስት ሳምንት ውስጥ ከቅርፊቱ ጋር ይወድቃል፤ ከቤት ለማትወጣ ድመት ብቻ ነው፣ እርሱንም ለመለጠፍ ጥፍሩ አስቀድሞ መቆረጥ አለበት።

ሰዓቴ ደርሷል። ጉንጩ ስለተቧጨረው ልጅ አባት አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ፤ ፈቃዱን ጠይቄአለሁ። በደወለልኝ ሳምንት ቤቱ ሄድሁ። ድመቷ አልጋ ሥር ነበረች፤ ልጁ ከአባቱ እግር ጀርባ። ምሰሶ አልነበራቸውም። አባትየው አናጺ ነው፤ እዚያው ከጋራዡ እንጨት አመጣና ቃጫ ሲገዛ ሊጠመጥምልኝ ቃል ገባ። ጥፍር እንዴት እንደሚቆረጥ አሳዪኝ ሲለኝ «ዛሬ አይሆንም፣ መጀመሪያ እግሯን መንካት ነው» አልሁት። ቅር ሳይለው አልቀረም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ማታ፣ ከሥራ ስገባ ስልኬ ጮኸ። ሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ ድመቷ ጭኑ ላይ ተኝታለች። «አንድ ቆረጥሁ» አለኝ። «ልጁ ዶሮ አበላት። አልሸሸችም።» ከኋላው ልጁ «ሌላውን! ሌላውን!» ሲል ይሰማኛል። «ዛሬ ይብቃ፤ ነገ» አልሁት።

መቁረጫዎቹ ከቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ በየቤተሰቡ አንድ አንድ ውሰዱ። ጥሬ ፓስታውንም አምጥቻለሁ፤ ልጆች መጀመሪያ እናንተ ኑና ድምፁን ስሙት። አመሰግናለሁ።